ሩኅሩኅነት በአንድ ቀን ተኩል

እሰይ! ሐኪም ልጆቻችን ሰው ማናገር ሊማሩ ነው። ባለፈው ሳምንት አክስቴን ሳስታምም ማስታወቂያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፦ «የተግባቦት ክህሎት ሥልጠና፣ አንድ ቀን ተኩል፣ ሰርተፍኬት አለው»። ተኩሏ ለፎቶ መሆኗ ነው። «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በጤናው ዘርፍ ዕቅድ ሰፍሯል፤ ይኸው ፍሬው።

የአዳራሹ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር እኔም ኮሪደር ላይ ቆሜ በነጻ ሠለጠንኩ። አሠልጣኙ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ «በጥሞና ማዳመጥ» የሚለውን ርዕስ ጀርባቸውን ለተማሪው ሰጥተው ከግድግዳው ላይ አነበቡት። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ጥያቄ በመጨረሻ!» ተባለች። ስላይድ 31፣ «የታካሚን ንግግር አታቋርጡ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ስልካቸው ጮኸ። አነሱት። ስለ ቆርቆሮ ዋጋ፣ ቀጥሎ ስለ ሚስማር፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን ስለሚጭነው አይሱዙ ሰፊ ውይይት ተካሄደ፤ ተማሪው በጥሞና አዳመጠ። ተግባር ልምምድ ማለት ይህ ነው! ዘግተው «የት ደርሰን ነበር?» ቢሉ፣ አንዱ ከኋላ «ሚስማሩ ላይ» አላቸው። አስወጡት። ከዚያ ፈተና መጣ፦ «ታካሚዋ እያለቀሰች ነው፤ ምን ታደርጋለህ? ሀ) ሶፍት እሰጣለሁ፣ ለ) አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ሐ) ዝም ብዬ አዳምጣለሁ፣ መ) ሁሉም መልስ ነው»። ሁሉም «መ»ን አከበበ። የእናቶቻችን እንባ ፊደል ወጣለት።

በማግስቱ ጠዋት ራውንድ፤ ሐኪሞች አልጋ ለአልጋ እየዞሩ ታካሚ የሚያዩበት። ያቺ እጇን ያወጣችው ልጅ ከአክስቴ ጎን ለተኙት አሮጊት «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ አረፈችው። ሲኒየሩ ሐኪም፦ «ቡና ልትጠጪ ነው የመጣሽው? ኬዙን አቅርቢ!» ስም መጥራት ጊዜ ይፈጃላ፤ «አልጋ 7» ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና መቆጣጠሪያ ቅጽ፣ ምላጭ ሳይነሳ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ስሙንና ሥራውን ይናገር ይላል። ምን ነክቷቸው ነው? ነርሷ ዛሬ ስሟን ከተናገረች፣ ነገ «ዶክተር፣ የሚቀደደው በግራ በኩል ነው» ማለቷ አይቀርም።

እዚህ ላይ ሽሙጡ አልወጣልህ አለኝ። እማማን አሥራ ሁለት ሰው ከቧቸው፣ ብርድ ልብሳቸው ሳይጠየቁ ተገልጦ፣ በእንግሊዝኛ ስለ ጉበታቸው ክርክር ተደረገ። ሐኪሞቹ ሲሄዱ እማማ እጄን ያዝ አድርገው «ምን አሉ፣ ልጄ?» አሉኝ። እኔን! የማላውቃቸውን የጎን አስታማሚ! እኚህ ሴት ጥቁር ሰሌዳ አይደሉም። እነዚያ ልጆች ሥራቸውን የተማሩት እዚያ አልጋ ዳር ነው፤ ለዓመታት፣ በየጠዋቱ።

ብቻ ሥልጠናው አማረ። ከሰዓት ፎቶ ሲነሱ ሲኒየሩ መሃል ላይ ናቸው፤ እሳቸውም ሰርተፍኬት አላቸው። ልጅቷ ግን አላገኘችም። የቀረችው ግማሽ ቀን ላይ ስሟ ሲጠራ አልነበረችም፤ አልጋ 7 ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለእማማ ምን እንደተባለ በአማርኛ እየነገረቻቸው ነበር።