«ምን ችግር ይፈታል?» የሚሉት ዳኛ

ባለፈው ሳምንት በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ የፈጠራ ውድድር ዳኛ፣ በትርፍ ሰዓታቸው አስቂኝ መሣሪያ እየሠሩ ስለ ዕለት ኑሯቸው በቪዲዮ የሚያወጉ ወጣቶችን በጅምላ ወቀሷቸው። ሀገር ችግር ፈቺ ፈጠራ በምትሻበት በዚህ ጊዜ እነዚህ ልጆች ዕድሜያቸውን በቧልት እንደሚጨርሱ፣ ኤሌክትሪክ እንደሚያባክኑ፣ ሥራቸውም ከእኛ ባህል ያልበቀለ የፈረንጅ ኩረጃ እንደሆነ ተናገሩ። ለማሳያ የመረጡት ቡና ሊገነፍል ሲል የሚጮህ የጀበና ማንቂያ የሠራውን የኮንዶሚኒየም ልጅ ሲሆን፣ በእሱ ላይ ደጋግመው የሰነዘሩት ጥያቄም አንድ ብቻ ነበር፤ ይህ ነገር ምን ችግር ይፈታል? አዘጋጁ ጥያቄው ራሱ ሊጠየቅ እንደሚችል ለአፍታ እንኳ ሳይጠረጥር አመስግኖ አሰናበታቸው።

ከክሱ ሁሉ የኤሌክትሪኩ አስገርሞኛል። መሣሪያው ላይ ያለችው ከተጣለ ኮምፒውተር የተነቀለች ማራገቢያ ናት፤ እንዲህ ያለች ማራገቢያ በ12 ቮልት ስትሠራ የምትወስደው ኃይል ከ2 ዋት ብዙም አይዘልም። የኤሌክትሪክ ምጣድ በበኩሉ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። እንግዲህ አንድ ሰዓት እንጀራ የሚጋገርበት ኃይል ይህችን ማራገቢያ ሌት ተቀን ሳታርፍ ከ2 ወር በላይ ያሽከረክራታል ማለት ነው። ስሌቱ ወረቀትም እርሳስም አይጠይቅም፤ በቴክኖሎጂ ውድድር ላይ ነጥብ የሚሰጡ ሰው ደግሞ ከማንም ይልቅ ሊያሰሉት በተገባ ነበር። ነገር ግን የብክነቱ ክስ የመጣው ንቀትን ቁምነገር ለማስመሰል ስለሆነ፣ ተሰልቶ እንዲቀርብ የፈለገ አልነበረም።

መሣሪያውን ላላየው ሰው በአጭሩ ልግለጸው። ማራገቢያዋ ከሰሉን ታቀጣጥላለች፤ አንዲት የሙቀት ሴንሰር ጀበናው ሊገነፍል መቃረቡን ትለካለች፤ ሰዓቱ ሲደርስ ማራገቢያዋ ትቆምና የልጁ እናት የተቀዳ ድምፅ ከአሮጌ ስልክ ውስጥ «ገነፈለ!» ብሎ ይጮኻል። ሐሳቡ ይህ ነው፤ በተግባር ግን ጩኸቱ የሚሰማው ቡናው ወጥቶ ከሰሉን ካጠፋ በኋላ ነው። ልጁ ሴንሰሯን መጀመሪያ ያሰራት ከጀበናው ትከሻ ላይ ነበር፤ ሸክላ ሙቀትን ቶሎ ስለማያሳልፍ ውስጡ ሲፈላ ውጩ ገና አልሰማም። ወደ አንገቱ ሲያዛውራት ደግሞ እንፋሎቱ ከአረፋው ቀድሞ ስለሚደርስባት፣ ጀበናው ገና ሳይፈላ ትጮህ ጀመር። እናትየው በገዛ ድምፃቸው ተደናግጠው ከጓዳ ሲወጡ የሚታይበት ቦታ ላይ እኔም ስቄያለሁ። ሁሉም ቪዲዮው እንዲህ ያስቃል አልልም፤ አንዳንዱ ይንዛዛል። ሆኖም ሙቀት በሸክላና በእንፋሎት እንዴት በተለያየ ፍጥነት እንደሚጓዝ ከዚህ በተሻለ ሲብራራ ያየሁበትን ክፍል አላስታውስም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ፤ በእኔ እምነት «ምን ችግር ይፈታል?» የሚለው ጥያቄ አንድ ሙሉ ትውልድ ዋሾ አድርጓል። የወጣቶች የፈጠራ ዐውደ ርዕይ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ የዓይነ ስውራኑን ዱላ ያውቀዋል። ዱላው ጫፍ ላይ የድምፅ ሞገድ የሚልክ ሴንሰር አለ፤ እንቅፋት ሲቃረብ ጲጵ ይላል። ከጎኑ ያለው ጠረጴዛ ላይ በአበባ ማሰሮ የተተከለች ችግኝ፣ የአፈር እርጥበት መለኪያና ትንሽ የውኃ ፓምፕ ታገኛላችሁ፤ ከላይ የተለጠፈው ጽሑፍም የአርሶ አደሩን ምርታማነት እንደሚያሳድግ ያበስራል። ልጁ ዱላውን የሠራው ሴንሰሯ ጲጵ ስትል ደስ ስለምትለው ነው፤ ይህ ደግሞ የሚያኮራ እንጂ የሚያሳፍር ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን ማመልከቻው ላይ «ደስ ስላለኝ» ብሎ የሚሞላበት ቦታ የለም። ስለዚህ አግኝቶ የማያውቀውን ዓይነ ስውርና ማሳውን ረግጦ የማያውቀውን ገበሬ ዋስ አድርጎ ይጠራል። ዳኛው ነገሩ ማስመሰያ መሆኑን ያውቃል፤ ልጁም ዳኛው እንደሚያውቅ ያውቃል፤ አዳራሹ ግን ያጨበጭባል። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ዱላው ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ጎርበጥባጣ የእግረኛ መንገድ፣ ክፍት ቱቦና በመሐል የቆመ የመብራት ምሰሶ ባለበት ከተማ ያ ዱላ ያለማቋረጥ እየጮኸ ባለቤቱን ከማደንቆር ሌላ ምን እንደሚያደርግ ማንም አይጠይቅም።

የቀልድ መሣሪያ ይህን ዓይነት ውሸት ሊዋሽ አይችልም። የገባው ቃል ትንሽ ስለሆነ መፈጸሙና አለመፈጸሙ ወዲያው፣ በተመልካች ፊት ይለያል፤ ቡናው ወይ ይገነፍላል ወይ አይገነፍልም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 ካሜራ ቡና ማፍያቸው ላይ የደገኑት ደረጃ ወጥተው ባዶ ማፍያ እንዳያገኙ ብለው ነበር፤ ከዚህ የከበረ ዓላማ እንዳላቸው አላስመሰሉም። ያ ካሜራ በ1993 ከድረ ገጽ ጋር ተገናኝቶ ዓለም ሁሉ የአንድ ኮሪደር ቡና ማለቁን ከሩቅ የሚከታተልበት ሆነ፤ ዛሬም የመጀመሪያው የድር ካሜራ ተብሎ ይታወሳል። በ2001 ሲዘጋ ማፍያው በኢንተርኔት ጨረታ በ3,350 ፓውንድ ተሸጧል። ዳኛችን በወቅቱ ቢጠየቁ ለሥራው ስንት ነጥብ ይሰጡት እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አንድሬ ጋይም ደግሞ አለ። ኔዘርላንድስ ሳለ ብርቱ ማግኔት ውስጥ ሕያው እንቁራሪት አየር ላይ ያንሳፈፈ የፊዚክስ ሰው ነው፤ ነገሩ የሚሆነው በእንቁራሪቷ አካል ውስጥ ያለውን ውኃ ማግኔቱ በጥቂቱ ስለሚገፋው ነው። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሚያስቁ ምርምሮች የሚሰጠውን የኢግ ኖቤል ሽልማት ከማይክል ቤሪ ጋር ተቀበለ። ጋይም ዓርብ ምሽትን ከመደበኛ ሥራው ውጪ ለሆኑ እንግዳ ሙከራዎች የመተው ልማድ ነበረው፤ ማንቸስተር ከሄደ በኋላ ከኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ ጋር በተራ ማጣበቂያ ፕላስተር ከግራፋይት (ከእርሳስ ማዕድን) ላይ የአንድ አቶም ውፍረት ያለውን ግራፊን የተባለ የካርቦን ንጣፍ የላጠውም በዚሁ መንፈስ ነው። በ2010 ሁለቱ ትክክለኛውን የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። እንቁራሪቷን ያንሳፈፈው እጅና ግራፊኑን የላጠው እጅ አንድ ነው፤ የመጀመሪያውን ካሰራችሁት ሁለተኛውን አታገኙትም።

ይሁን እንጂ ክርክሬን ሁሉ በኖቤል ላይ ብመሠርት ለዳኛው ጥያቄ እጅ መስጠቴ ነው፤ ቀልድም ቢሆን በስተመጨረሻ መጥቀም አለበት ብዬ መስማማቴ ነውና። አልስማማም። የመረጃ ንድፈ ሐሳብ አባት የሚባለው ክሎድ ሻነን፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ማርቪን ሚንስኪ ባመነጨው ሐሳብ መሠረት ቤቱ ውስጥ አንድ ሣጥን ሠርቶ ነበር። ማብሪያውን ስትጫኑት ክዳኑ ይከፈታል፣ ከውስጥ እጅ ይወጣል፣ ማብሪያውን መልሶ ያጠፋል፣ ተመልሶም ይገባል። ሌላ ምንም አይሠራም። ሻነን እሳት የሚተፋ ጥሩምባና በሮማውያን ቁጥር የሚያሰላ ማሽንም ሠርቷል። ከእነዚህ አንዳቸውም የማንንም ችግር አልፈቱም፤ እሱም ይፈታሉ አላለም፤ ለዚህም ይቅርታ እንዲጠይቅ ያስገደደው አልነበረም።

የፈረንጅ ኩረጃ ነው ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ልጁ ጥርስ የሚቦርሽ ቆብ ከሠራችው ከስዊድናዊቷ ሲሞን ዬች ቪዲዮዎች እንደተማረ በራሱ አንደበት ተናግሯል፤ ከእሷ መማርም ነውር አይደለም። ይህች ሴት እ.ኤ.አ. በ2019 የቴስላ ኩባንያን የቤት መኪና ቆርጣ፣ ፋብሪካው የራሱን ከማሳየቱ በፊት፣ ወደ ፒክ አፕ የለወጠች ባለሙያ ናት። ቀልድና ጥበብ በአንድ ሰው ውስጥ መኖራቸውን ግን ስቶክሆልም ድረስ ሄደን መፈለግ አይገባንም። በቀልዳቸው ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው አለቃ ገብረ ሐና፣ በልጃቸው ስም የሚጠራውን የተክሌ አቋቋም የደረሱ ሊቅ ናቸው። ዝማሜውን ያፈለቁት በጣና ዳር ሸንበቆ ሲወዛወዝ ተመልክተው እንደሆነ ይነገራል። የሬዲዮው እንግዳ በቦታው ቢኖሩ፣ ሸንበቆ ሲወዛወዝ ቆሞ ማየት ምን ችግር እንደሚፈታ አለቃን በጠየቋቸው ነበር፤ አለቃ የሚመልሱላቸውን ግን ባልሰማ እመርጣለሁ።

ልጁ ሽቦ እየበየደ ስለ ሌሊት ውኃ ጥበቃ፣ ስለ ጎረቤት ዶሮና ስለ ታክሲ ሰልፍ ማውራቱንም ዳኛው ወሬኛነት ብለውታል። ያ ወሬ ሥራውን ከሚሠራበት ቤት ጋር አያይዞ ያሳየናል፤ መብራት ስለጠፋ ብየዳው ለነገ ሲተላለፍ በጋቢ ተጠቅልሎ የሚነግረን እሱ ነው። ስለ ሀገሪቱ የፈጠራ ሁኔታ ከብዙ የፓናል ውይይት የበለጠ አውቄበታለሁ።

ዳኛው በያዙት ውድድር ላይ ለውጥ ማድረግ ከፈለጉ መነሻው ቀላል ነው። ከማመልከቻው ላይ የችግር ፈቺነቱን ጥያቄ ይሰርዙ፤ ተወዳዳሪው መሣሪያውን በፊታቸው ያስነሳና ቃል የገባውን ሲያደርግ ወይም ሲያቅተው ይመልከቱ። ዱላውን ይዞ ለሚመጣው ተወዳዳሪ ደግሞ ከዳኞቹ ወንበር አንዱን ለዓይነ ስውር ይስጡልን።