እርጥበቱን በፒቪሲ ሸፍኑት ተባልን

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ የከፈተው ሬዲዮ ላይ ስለ ቤት ሽያጭ ይወራል። እንግዳው «የሪል እስቴት አማካሪ» ተብለዋል፤ ድሮ ደላላ ይባል የነበረው ሥራ መሆኑ ነው። ቤታቸውን ሊሸጡ ያሰቡ አንዲት እናት ደወሉ። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ከታች በኩል እየረጠበ ቀለሙን እንደሚያራግፈው ተናግረው፣ ከመሸጤ በፊት ምን ላድርግ ብለው ጠየቁ። አማካሪው ትንፋሽ እንኳ አልወሰዱም። ግድግዳው ላይ ፒቪሲ ማርብል (እብነ በረድ የሚመስል የፕላስቲክ ሰሌዳ) ይለጥፉበት፣ ኮርኒሱን በጂፕሰም ያሠሩ፣ ስፖት ላይት ይጨምሩ፣ ገዢ የሚገዛው በዓይኑ ነው አሉ። አዘጋጁ ሳቀ። ሴትዮዋ አመስግነው ስልኩን ዘጉ። ወደ ማስታወቂያ ተሄደ።

እርጥበቱ ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም። ከመሬት እየሳበ ይሆን? የጎረቤት ፍሳሽ ከአጥሩ ሥር እየገባ ነው? ግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ ፈንድቷል? አሸንዳው ተቀድዶ ውሃውን መሠረቱ ላይ እየደፋው ነው? ለእያንዳንዱ መልስ ሌላ ሥራ፣ ሌላ ወጪ አለ። አማካሪው ግን ለሁሉም አንድ መድኃኒት አላቸው፤ እሱም መሸፈን ነው። ምክሩ በግልጽ ሲነገር «ጉዱን ደብቀሽ ለሌላ ሰው ሽጪው» ማለት ነው። በሬዲዮ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እየተሳቀ።

ደግሞስ ይህ በዓይኑ የሚገዛ ገዢ ማን ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሊገዛ የሚመጣ ሰው ይዞት የሚመጣው ገንዘብ የዐረብ አገር የዓመታት ልፋት ነው፣ ዕቁብ ነው፣ የሚስት ወርቅ ነው፣ አሜሪካ ካለ ወንድም የተለመነ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በዓይኑ ብቻ አይገዛም። በአፍንጫው ይገዛል፣ በሚስቱ አፍንጫ ይገዛል፣ ከሁሉም በላይ በአማቱ ይገዛል። አማቱን አስከትሎ ቤት የሚያይ ገዢ ገጥሟችሁ ያውቃል? እሳቸው ቧንቧውን ሳይከፍቱ፣ ሽንት ቤቱን ሳያወርዱ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍተው ሳያሸቱ ንቅንቅ አይሉም። ገዢው እውነት ዓይን ብቻ ቢሆንማ መደበቁ ምን አስፈለገ? ጂፕሰሙን ያየ ዓይን ስንጥቁንም ያያል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። አምና ሐምሌ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት ለማየት ሄጄ ነበር። ደላላው በሩን ከፍቶ «ወንድሜ፣ ቤቱ ሙሽራ ነው» አለኝ። ሙሽራ ነበር። ኮርኒሱ ላይ ክብ በክብ የተጠረበ ጂፕሰም፣ በክቡ ውስጥ ሰማያዊ መብራት፣ ሳሎኑ ውስጥ ወርቃማ መስመር ያለው ፒቪሲ። የቀለሙ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ከሽንት ቤቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት። ጣቴ ገባ። ሳነሣው ቅርጹ እዚያው ቀረ፣ እንዳልበሰለ ድፎ ዳቦ። ደላላው «ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ነው» አለ። መቼ ተቀባ ስለው «ባለፈው ወር» አለ፤ ያለውን የሰማው ከአፉ ከወጣ በኋላ ይመስለኛል። ደረጃው ላይ ጎመን የሚቀነጥሱ አንዲት እናት ነበሩ። «የእኔ ልጅ፣ ያንን ቤት ነው ያየኸው? ከላይ ያሉት ልብስ ባጠቡ ቁጥር እኮ…» ብለው ጀመሩና ደላላውን ከኋላዬ ሲያዩት ወደ ጎመናቸው ተመለሱ።

ግድግዳው ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚሠራው ሰሌዳ፣ አግሮስቶን ነበር፤ በኮንዶሚኒየም ለኖረ ሰው አግሮስቶንና ውሃ እንዴት እንደሚስማሙ አልነግረውም። ጂፕሰምም ያው ነው፤ ሲረጥብ ጉልበቱ ያልቃል። በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ጂፕሰም ማሠራት ማለት ውሃው የሚጠራቀምበት ሰሃን መስቀል ማለት ነው። ገዢው በጥቅምት ይገባል፣ በሐምሌ ሰሃኑ ሞልቶ አልጋው ላይ ይወርዳል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ያሉት ይህን ሳያዩ አልቀሩም።

እሺ፣ ማታለሉን እንተወው። ገንዘቡንስ? አማካሪው «የሚያወጡት ብር እጥፍ ሆኖ ይመለሳል» ሲሉ አፋቸውን ሞልተው ነው። እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው ምን እንደሆነ እንነጋገር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን የመንግሥት ካደረገው ወዲህ፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ካለ ወዲህ፣ ውልና ማስረጃ ፊት ቀርበን የምንፈርመው ስለ ቤት ነው። ብሎኬቱን፣ ቆርቆሮውን፣ በርና መስኮቱን ነው የምንሸጠው። በወረቀት እንዲህ ነው። በልባችን ግን ገዢም ሻጭም ደላላም የምናወራው ስለ ካሬው ነው። ስንት ካሬ ነው፣ መኪና ያስገባል ወይ፣ አስፋልቱ ስንት ሜትር ይርቃል፣ ጂ ፕላስ ስንት ይፈቀዳል? ሃምሳ ዓመት ሙሉ ቤት እየሸጥን ነው እያልን ቦታ ስንሸጥ ኖረናል። ለዚህ ገበያ ነው እንግዲህ ስቱኮ ቀብታችሁ ኑ የምንባለው።

የእናቴን ቤት ስንሸጥ ይህን በገንዘባችን ተምረነዋል። ሽሮ ሜዳ አካባቢ የጭቃ ቤት ነው፤ የባሕር ዛፍ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላዩ የሲሚንቶ ልስን። ደላላው እንዲህ ሆኖ አይሸጥም አለን። እህቴ ዕቁቧን ሰጠች፣ እኔ ከመሥሪያ ቤት ተበደርኩ። የአቡጀዲው ኮርኒስ ወርዶ ጂፕሰም ወጣ፣ ሊሾው ላይ ሴራሚክ ተነጠፈ፣ ግድግዳው ስቱኮ ተቀባ። ጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ እንደሆነ ከጭቃው ጋር ፍቅር የለውም፤ መዶሻ በተመታ ቁጥር በሌላ በኩል እየተፈለጠ ይወድቅ ነበር። እሱንም ሞላነው። ስድስት ሳምንት ፈጀ።

ገዢው መጣ። ግቢውን ከዳር እስከ ዳር በርምጃ ለካ። የመንገዱን ስፋት ለካ። ካርታውን አገላብጦ አየ። ቤቱ ውስጥ የቆየው ቡና እስኪፈላ ነው፤ እሱንም በረንዳ ላይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። አንገቱን ቀና አድርጎ ያንን ጂፕሰም አላየውም፤ እህቴ መብራቱን ሁሉ አብርታ ነበር። በሁለተኛው ወር በዚያ ሳልፍ ቤቱ ፈርሷል። አንድ የቀን ሠራተኛ የፍርስራሹ ክምር ላይ ቁጢጥ ብሎ ስፖት ላይቶቻችንን ከነሽቦአቸው እየነቀለ ኪሱ ይከታል። የእህቴን ዕቁብ ነበር ኪሱ የሚከተው። ለአፍራሽ ነበር ሽር ጉድ ስንል የከረምነው።

ሁሉም ገዢ አያፈርስም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ኮንዶሚኒየም የሚገዛ ሰው የሚያፈርሰው ቦታ የለውም። እሱም ቢሆን የናንተን ሴራሚክ አይወደውም። እናንተ ቡናማ ታነጥፋላችሁ፣ ገዢዋ ነጭ ትፈልጋለች፤ በገባች በወሩ በመዶሻ ታነሣዋለች። ቤት የገዛ ሰው የመጀመሪያ ሥራው የሻጩን ምርጫ ማጥፋት ነው። ቁጥር አምጣ ብትሉኝ የለኝም። ዘመድ አዝማዶቻችሁን ጠይቁ።

ታዲያ ምንም አይነካ ማለቴ ነው? አይደለም። ቤት ይጠረግ፣ የተሰበረ መስታወት ይቀየር፣ ግድግዳው ነጭ ቀለም ይቀባ፤ ደረቅ ከሆነ። ከዚያ ውጪ ያለችው እያንዳንዷ ብር ውሃና መብራት በሚያልፍበት መንገድ ላይ ትዋል።

መብራቱን ብቻ ልውሰድ። በየቤቱ ያለው የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ብታካፍሉት 16 አምፔር ነው። ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ እዚያ ላይ ወደ ወሰኑ ይጠጋል፤ በዚያው መስመር ፍሪጅና የውሃ ማፍያ ሲጨመር ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ድሮ ለአምፖል ተብሎ በተዘረጋ 1.5 ላይ ምጣድ የሰኩ ቤቶች ደግሞ ስንት ናቸው! ለምጣዱ ለብቻው 4 ወይም 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መስመር አዘርግቶ፣ የራሱን ብሬከር ሰጥቶ፣ ኧርዝ ማስቀበር የጂፕሰሙን ያህል አያስወጣም። ግን ፎቶ ላይ አይወጣም። ቴሌግራም ላይ ቤት የሚለጥፍ ደላላ ብሬከር ፎቶ አንሥቶ ሲለጥፍ እስካሁን አላየሁም።

አማካሪው ሌላም ነገር አሉ፤ ገዢ ራሱ ይመርምር፣ ከፈረመ በኋላ አለቀ አሉ። አላለቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት እንደሌለበት ዋስ ያደርገዋል። ገዢ በግልጽ ሊያየው ይችል በነበረው ጉድለት ሻጭን መያዝ ይከብደዋል፤ ይህን አልክድም። ሻጭ አውቆ በተንኮል የደበቀው ግን ሌላ ነው፤ ውሉ ላይ «ኃላፊነት የለብኝም» ብሎ ቢጽፍ እንኳ አያድነውም። እንግዲህ አስቡት። የረጠበው ግድግዳ ገላጣ ሆኖ ቢሸጥ ገዢው አይቶ ገዝቷል፣ ሴትዮዋ ነፃ ናቸው። ፒቪሲው የተለጠፈ ዕለት ግን በእጃቸው ማስረጃ አቆሙባቸው። አማካሪው ኮሚሽናቸውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ፍርድ ቤት የምትጠራው ያቺ እናት ናት።

እውነቱን ልናገር፦ ይህ ምክር ለሻጭ ተብሎ የተሰጠ አይመስለኝም። ቤቱ ሲያምር ቶሎ ይሸጣል፤ ቶሎ ሲሸጥ ደላላው ቶሎ ይበላል። ጂፕሰም ሠራተኛውን ያመጣውም እሱ ነው። በመሃል የተጨባበጡትን አላየሁም፤ የእናቴን ቤት የሠራው ልጅ ግን ሒሳቡን ከእኛ ተቀብሎ ሲወጣ ደላላው በር ላይ ይጠብቀው ነበር። ሰላምታ ሊሰጠው ይሆናላ!

ከሁሉም የሚያናድደው ደግሞ ሽያጭ የሚያፈርሰው ነገር በዚያ ሁሉ የሬዲዮ ሰዓት አለመነሣቱ ነው። ፕላን ላይ የሌለ ሰርቪስ ቤት፣ ያልተከፈለ የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ፣ በሟች አባት ስም የቀረ ካርታ፣ ሳይነሣ የቆየ የባንክ እገዳ። ገዢ ቀብድ ከፍሎ፣ በእነዚህ ምክንያት የተመለሰ ሽያጭ ስንት አለ። በመጥፎ ቀለም ምክንያት ሽያጭ ተበላሸ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ቤት ማሳመር የፈለገ ሰው ከወረዳው ፋይል ይጀምር።

እኔ በመጨረሻ ቤት የገዛሁት በነሐሴ ነው። ሰዉ እብድ ነህ ብሎኝ ነበር፤ በጭቃ ጊዜ ቤት አይታይም ተባልኩ። የሚታየው ያኔ ብቻ ነው። በጥር ሁሉም ቤት ደረቅ ነው። ሻጩ ጡረታ የወጡ ጋሼ ነበሩ፤ ደላላ አላስገቡም። የገባሁ ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ጓዳው ውስጥ ባልዲ ተቀምጧል። «እዚህ ጋ ያፈሳል» አሉኝ። «ሁለት ቆርቆሮ ዝጓል፣ ሚስማሩም ላልቷል። ምጣዱን ከፍሪጁ ጋር አትሰካው፣ ይዘጋብሃል። ቀለሙን ተወው፣ ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ አልተቀባም።» ከዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስለ ዋጋ ተነጋገርን። ባልዲውን እያሳየሁ ብለምን ብሠራ አንዲት ብር አልቀነሱልኝም።