ማስተካከያ፦ ከዲቪዲ በርነር የወጣ ሌዘር ተራ ጠቋሚ አይደለም

በእስክሪብቶ ቅርጽ የእጅ ባትሪ ቀፎ ውስጥ የሌዘር ጠቋሚ ስለመሥራት በጻፍኩት ላይ ከባድ ስህተት አለ። ከአሮጌ ዲቪዲ በርነር (ዲቪዲ መጻፊያ) የሚወጣው ቀይ ዳዮድ (የሌዘር ብርሃኑን የሚያመነጨው ትንሽ አካል) ሱቅ ከሚሸጠው ጠቋሚ እኩል ነው፣ ለጥንቃቄም የፀሐይ መነጽር ይበቃል ብዬ ነበር። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ያረምኩት ከዳዮድ አምራቾች የመረጃ ወረቀትና ከዓለም አቀፉ የሌዘር ደህንነት መስፈርት (አይኢሲ 60825-1) ነው። መስፈርቱ ሌዘሮችን በአደገኛነታቸው በክፍል ይመድባል። ክፍል 2 የሚባለው ጠቋሚ የብርሃን ኃይሉ ከ1 ሚሊዋት አይበልጥም። የበርነሩ ዳዮድ ግን ከ100 ሚሊዋት በላይ ሊያወጣ ይችላል። ይህ ለዓይን አደገኛ የሆነው ክፍል 3ቢ ነው። ዓይናችን ኃይለኛ ብርሃን ሲያይ በሩብ ሰከንድ ገደማ ይጨፈናል። ለ1 ሚሊዋት ያ ይበቃል። ለ100 ሚሊዋት ግን መጨፈኑ አይደርስም፤ ሬቲና (ከዓይን ኋላ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን) ቀድሞ ይጎዳል፣ ሕመም እንኳ ላይሰማ ይችላል። ከመስታወት ነጥሮ የሚመለሰውም ያው አደገኛ ነው። መነጽሩ በተለይ ለ650 ናኖሜትር (የዚህ ቀይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት) ሌዘር የተሠራ መሆን አለበት።

በእኔ ጽሑፍ መሠረት የሠራችሁ አሁኑኑ ባትሪ ድንጋዮቹን አውጡ። ልጆች እጅ ከገባ ደግሞ በጣም ያሳስበኛል፤ ዳዮዱን ነቅላችሁ አስወግዱት።

ቀፎው ግን አይጣልም። ከ1 ሚሊዋት በታች መሆኑ የተጻፈበት፣ በ3 ቮልት የሚሠራ ዝግጁ የሌዘር ሞጁል ግዙ። ሌንሱና የኤሌክትሪክ ፍሰት መገደቢያው አብረውት ያሉትን ምረጡ። ሁለት ቀጫጭን ባትሪ ድንጋዮች ይበቁታል።

የቀድሞውን ጽሑፍ አርሜዋለሁ። አምናችሁኝ ለሠራችሁ ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።