ጥላውንም አስቡበት

ስለ ሶላር ፓነል አተካከል ያነበብኩት ጽሑፍ «ግቢ ካላችሁ ሶላሩን ከጣሪያ ይልቅ መሬት ላይ ትከሉ» ይላል። ለማጽዳት መመቸቱ እውነት ነው። ከሥሩም ነፋስ ስለሚያገኝ ብዙ አይግልም፤ ፓነል ሲግል ጉልበቱ ይቀንሳል። እኔ ግን የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ግቢያችን ለልብስ ማስጫ እንኳ አትበቃም! እሷንም ከ9 ሰዓት በኋላ የጎረቤት ፎቅ ያጠላባታል። በተከታታይ ከተያያዙት ፓነሎች አንዱ ላይ ጥላ ካረፈ ደግሞ የሌሎቹም ኃይል ይወርዳል። ቆርቆሯችን ስላረጀ መጀመሪያ ማገሩን ለአናጺ አሳየሁ። ከዚያ ፓነሉን ወደ ደቡብ አዙረን፣ 15 ዲግሪ ያህል አዘንብለን ጣሪያው ላይ አሰርነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ፓነሉን ብዙ ቀጥ አድርጎ ማቆም አያስፈልግም። ክረምት ላይ ዝናቡ ያጥበዋል። የበጋውን አቧራ ለማጽዳት ግን መሰላል የምወጣው እኔው ነኝ።