ያለ ካርድ የሚያክሙ

ጎንደር ሐኪም አነሳት የሚል ሰው ከፒያሳ ማራኪ በባጃጅ ተሳፍሮ አያውቅም። ኦቲዝም (ንግግርንና ከሰው መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት) ያለበት ልጅ ይዛችሁ ግቡ እንጂ፣ ምርመራው ሞተሩ ሳይሞቅ ይጀመራል። አንደኛው «ቅብጠት ነው» ይላል፤ አጠገቡ ያሉት እናት «ዓይን በልቶት ነው» ይላሉ፤ ሹፌሩ በመስታወት አንዴ ገልመጥ አድርጎ «ስልክ አብዝታችሁበት ነው» ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ሆስፒታል ቢሄዱ ባለሙያው ልጁን ሲጫወት ያያል፣ ስለ አስተዳደጉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይጠይቃል፣ ጆሮው በደንብ መስማቱን ያስመረምራል፤ ኦቲዝምን የሚያሳይ የደምም ሆነ የራጅ ምርመራ የለምና ጊዜ ይፈጃል። የባጃጁ መስታወት ግን ሁሉንም ያሳያል።

«አፉ ይፈታል፣ ተዉት» የሚሉት ደግሞ ለብቻቸው ይመስገኑ። በዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በዓመት ከመንፈቁ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ፣ በሁለት ዓመቱ «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል ያላጋጠመ፣ ወይም ይናገር የነበረውን ቃል የተወ ልጅ እንዳለ ቢነገራቸው «አጎቱም በአምስት ዓመቱ ነው የተናገረ» ብለው ያረጋጋሉ። አጎትየው አፉ ሳይፈታ በጣቱ ያመለክት፣ የእናቱን ዓይን እያየ ይስቅ፣ «ጫማዬን አምጣ» ሲሉት ያመጣ እንደ ነበር የሚጠይቅ የለም። ልጁ እርዳታ ይበልጥ ከሚጠቅመው ዕድሜ ላይ ሦስቱን ዓመት በአጎቱ ስም ይመርቁለታል።

ምክንያቱን ማግኘትም አይቸግርም፤ እናቲቱ ናት። እ.ኤ.አ. በ1943 የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር ኦቲዝም ስላለባቸው 11 ልጆች ከጻፈ በኋላ ፈረንጆቹም «የእናት ፍቅር ማነስ ነው» እያሉ ስንት ዓመት እናቶችን ወቅሰው፣ ኋላ አፍረው ተዉት። ሰፈራችን የጀመረውን አይተውም። እ.ኤ.አ. በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን ጽሑፍም ያወጣው መጽሔት በ2010 ሰርዞታል፤ ቡና ላይ ግን እስከ ሦስተኛው ይነበባል።

ሙያው የሚለየው ልጁ መጮህ ሲጀምር ነው። መንገድ ተዘግቶ ባጃጁ በማያውቀው በኩል ታጠፈ እንበል። ከኋላ ወንበሩ ሥር የተገጠመው ድምፅ ማጉያ ይደልቃል፣ ክላክስ አለ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ክንድ ተጭኖታል፤ ልጁ ጆሮውን ይይዛል፣ እጁን ይነክሳል። በዚህ ጊዜ ሁሉም በአንድ አፍ ይነሣል። አንዷ ማስቲካ ትዘረጋለች፣ አንዱ «ፖሊስ ይወስድሃል!» ይላል፣ ሌላው ሲያሽከረክረው የነበረውን የሃይላንድ ክዳን ይቀማዋል። ክዳኗ ራሱን የሚያረጋጋባት ብቸኛ ነገሩ ስለነበረች አሁን ጩኸቱ እጥፍ ይሆናል፤ ያኔ «አላልኳችሁም? ቅብጠት ነው!»። ቅብጠትማ ቢሆን የፈለገውን ሲያገኝ ያቆም ነበር፤ ይህ ልጅ ማስቲካውንም ወርውሮታል። ዘፈኑን አጥፍቶ ዳር መቆም፣ ፈንጠር ብሎ ቦታ መስጠት፣ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ በዝግታ «አይዞህ፣ አለሁ» ዓይነት ሁለት ቃል እንዲለው መተውና መጠበቅ እንዲህ ላለ ባለሙያ ውርደት ነው።

ሲረጋጋ ደግሞ ቃለ መጠይቁ ይቀጥላል። «ማሙሽ፣ ስምህ ማነው? ስምህን ንገረኛ! አይሰማም እንዴ?» በሦስት ሴኮንድ ሦስት ጥያቄ። ልጁ የመጀመሪያውን ገና እያሰላ ነው፤ አዲስ ጥያቄ በመጣ ቁጥር እንደገና ከሀ ይጀምራል። አንዴ ጠይቆ በልብ እስከ 10 መቁጠር ትዕግሥት ስለሚፈልግ፣ ሕዝባችን ይህን ለእናቲቱ ትቶላታል።

እሷ ካርቶን ላይ ሦስት ሥዕል ለጥፋለች፦ ባጃጅ፣ ገበያ፣ ቤት። ያለቀው ይነሣል፣ የሚቀጥለው ይታያል፤ ልጁም ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። «እህቴ፣ በሥዕል አታልምጂው፣ ከመናገር ይሰንፋል» የሚል መካሪ ከአጠገቧ አይጠፋም። ሥዕል ንግግርን አያሰንፍም፤ ለብዙ ልጆች እንዲያውም መንገድ ይከፍታል። ጠበልና ኪኒን አብሮ አይሄድም የሚሉትንም እናመስግን፤ ከኦቲዝሙ ጋር የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒቱ ድንገት ሲቋረጥ በማይቆም መንቀጥቀጥ ሊሞት ይችላል፣ ካህኑ እንኳ አቁሙ ሳይሉ።

ጥምቀት ሲደርስ ምሁርነቱ ይደምቃል። ጥር 10 ታቦታቱ ሲወጡ፣ ልጁ ሕዝቡ ሳይሞላ ደርሶ፣ ጆሮ መሸፈኛ አድርጎ፣ ከሩቅ አይቶ ቢመለስ ይበቃው ነበር። «ከበሮው ሥር አቁሚው፣ ይለምደዋል» ትባላለች። «በታቦት ፊት ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መሸፈኛውን የሚያወልቅለትም አለ። ስልክ ቁጥሯን ልብሱ ላይ ብትሰፋ «እንደ ዕቃ!» ይሏታል። ልጁ ድምፁን ሸሽቶ በሰው እግር መሃል ሾልኮ ይጠፋል። እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙዎቹን ውሃ ይስባቸዋል፤ ጠፍተው የሚሞቱትም አብዛኞቹ ሰጥመው ነው፤ ስለዚህ ፍለጋ ከውሃ ዳር ይጀመራል። በዚያ ሰሞን ደግሞ የፋሲል መዋኛ ከቀሃ ወንዝ ተሞልቶ ጢም ብሏል። ፈላጊዎቻችን ግን መጀመሪያ አክስቱ ቤት፣ ቀጥሎ ከረሜላ መሸጫው፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጣቢያ ይሮጣሉ፤ ስሙን እየተጣሩ፣ ለስሙ እንደማይዞር እናቱ እየነገረቻቸው። ወደ መዋኛው የሚሮጥ አንድ ሰው ሲጠፋ፣ የቀሩት እሷን ከበው «የት ሆነሽ ነው የጠፋብሽ?» እያሉ ያፋጥጧታል።