ምስጋና ለጠባቧ መረብ

ባለፈው ቅዳሜ ሀዋሳ ሀይቅ ዳር አንድ ሙሉ ጥብስ ቆሮሶ አሳ አዘዝኩ። ሦስት መጡልኝ። ሦስቱ ተደምረው ከዳጣዋ ሳህን እምብዛም አይበልጡም። ቀና ብዬ አስተናጋጇን ሳያት ቀደመችኝ፦ «ጋሼ፣ ለጋ ነው። አጥንቱም አይወጋም!»

እውነቷን ነው። የሚወጋ አጥንት ለማብቀል ዕድሜ ይጠይቃል።

ሀዋሳ የምትኖሩ ሁሉ ይቺን ሳህን ታውቋታላችሁ። ስለዚህ አላማርርም። ላመሰግን ነው የተነሳሁት።

የመጀመሪያው ምስጋና መረቡን ላጠበቡልን ወንድሞች ይድረስ። የድሮው መረብ አባካኝ ነበር። ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ትንሹ አሳ ሾልኮ ይወጣል። ወጥቶ ምን ያደርጋል? ያድጋል። አድጎ ይራባል። ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል! አሁን ግን ተመስገን፣ ውሃ ውስጥ የማትታይ ቀጭን የላስቲክ መረብ አለች። ጣት የምታክለውም አታመልጣትም። እሷ ካልበቃች አጎበር አለ። ከአጎበር ቀጥሎ ነጠላ እንዘረጋለን። ከነጠላ ወደ ወንፊት፣ ከወንፊት ወደ ሻይ ማጥለያ። ያኔ አሳ በጭልፋ ይታዘዛል። «ለሁለት ሰው አንድ ጭልፋ፣ ቅመም ይብዛበት» እንላለን። አስተናጋጇ ከሹካው ጋር ማጉያ መነጽር ታቀርባለች። የመነጽሩ ሂሳብ ለብቻ ነው። ሠርግ ላይ የአውራ ጣት ቁመት ያለው አሳ ከተገኘ ለአማች ይቀርባል፤ ዘመድ ተሰልፎ ፎቶ ይነሳል። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «በእኛ ጊዜ አሳ ጭንቅላት ነበረው፣ ጅራትም ነበረው» ሲሉ ልጆች ይስቃሉ። አባባ ጃጁ ይባላል። የሽማግሌው ልጅ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ቤት ይወስዳቸዋል።

ሁለተኛው ምስጋና እናት አሳ ለሚያጠምዱ ነው። ቆሮሶ እንቁላሏን የምታቅፈው አፏ ውስጥ ነው። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ልጆቿ ሮጠው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እሷ ምግብ የሚባል አትቀምስም። እንዲህ ያለችውን እናት ጠርጎ ማውጣት የንግድ ችሎታ ይጠይቃል። አንዷን ሸጦ መላ ቤተሰቡን መርቆ መስጠት ነው። መረቡም ደንገሉን ታክኮ ዳር ዳሩን የሚጎተተው በከንቱ አይደለም። ጫጩቶቹ የሚያድጉት እዚያው ነው። መዋዕለ ሕፃናት እያለ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ምን ያስጠናል?

እኛ በላተኞችም አንታማም። ጾም ሲገባ አሳ ይበላል አይበላም ብለን እንከራከራለን፤ ክርክሩ ሳያልቅ ሳህኑ ያልቃል። ሀይቁ ዳር ካለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄደን ጥሬውን በዳጣ እየላፍን ቪዲዮ እንቀረጻለን። የተከፋ ቢኖር አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ብቻ ነው። ድሮ አንጀትና ጭንቅላት ይወረወርለት ነበር። አሁን አሳው እንዳለ በአንድ ጉርሻ ስለሚገባ የሚጣል ነገር ጠፋ።

ሕግ የለም እንዳትሉ። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ለንግድ የሚያጠምድ ፈቃድ ይያዝ ይላል። ሃያ ዓመት አልፎታል። ከመረቡ በተቃራኒ የአዋጁ ቀዳዳ አልጠበበም።

ይህ ሀይቅ እኮ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባለት ወንዝ ጥቁር ውሃ ነው። ከሌላ ባሕር መጥቶ ጉድለቱን የሚሞላ አሳ የለም፤ ያለን እዚሁ የተፈለፈለው ነው። ታዲያ ተቆጣጣሪዎቹ ቁጥጥር ወጣን ሲሉ ማንን ይይዛሉ? ሌሊት በብርድ የገባ፣ ሌላ ሥራ ያጣ ልጅ። መረቡ ይቃጠላል፣ እሱም ከአመዱ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። መረቡን በጥቅል የሸጠለት ነጋዴ በነጋታው ሱቁን ይከፍታል። ጫጩቱን በማዳበሪያ እየሞላ በጅምላ የሚረከበው ሰውዬ ስሙም አይነሳ። ደካማ መርጦ መምታት ነው! እናንተም ታውቃላችሁ፣ እነሱም ያውቃሉ። ደግሞ አያፍሩም።

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

የመጨረሻው ለወርክሾፕ ተሳታፊዎች ነው። ጥሩ አዳራሽ፣ ጥሩ ባነር፣ «የአሳ ሀብታችንን እንታደግ» የሚል። ከሻይ እረፍት በፊት ስለ ጫጩት አሳ መጥፋት ስላይድ ይታያል። ሁሉም አናቱን ይነቀንቃል፣ አንዳንዱም በእንቅልፍ። ምሳ ሰዓት ላይ ስላይዱን ያቀረበው ባለሙያ ራሱ አስተናጋጇን ጠጋ ብሎ ያንሾካሹካል፦

«እህቴ፣ ለእኛ ጠረጴዛ ትንንሾቹን አድርጊልን፤ እነሱ ናቸው የሚጣፍጡት።»