ጥገና ሰለቸን፣ ቧንቧው ይቀየር!

መሬት ውስጥ የተቀበረ አሮጌ የብረት ቧንቧ ያለው ሰው ብሶቴ ይገባዋል። ከቆጣሪው እስከ ቤታችን ያለው መስመር እኔ ሳልወለድ የተቀበረ ነው። ዝገት በልቶ ጨርሶታል። ይቀየር ስትል ግን የሚሰማህ የለም። ሁሉም "ለጊዜው እንጠግነው" ነው።

ጠጋኙ ይመጣል። የረጠበውን ቦታ ይቆፍራል፣ ላስቲክ ይጠቀልልበታል፣ በሽቦ ጥርቅም አድርጎ ያስራል፣ አፈሩን መልሶ ብሩን ይቀበላል። "ጋሼ፣ ይሄ ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል" ይልሃል። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ፈቀቅ ብሎ መሬቱ ይረጥባል። ምን ይጠበቃል ታዲያ? ብረቱ ዳር እስከ ዳር ነው ያረጀው። አንዱን ስትደፍን ቀጥሎ የሳሳው ይፈነዳል።

ባለፈው ተቆርጦ የወጣውን ቁራጭ አንስቼ ውስጡን አየሁት። ቀላ ያለ ቅርፊት ዙሪያውን ተደራርቦ ተጋግሯል። የቀረችው ቀዳዳ እርሳስ እንኳ በግድ ነው የምታስገባው። ሻወሩ የሚንጠባጠበው፣ ሮቶው ሌሊቱን ሙሉ አልሞላ የሚለው በዚህ ነው።

የብረት ቧንቧን ከዝገት የሚጠብቀው ላዩ ላይ የተቀባው ዚንክ ነው። እሱ ሲያልቅ ብረቱ ይጋለጣል። ፈረቃ ደግሞ ያባብሰዋል። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል፣ ዝገቱም ይፈጥናል። ውሃው ሲመለስ የመጀመሪያው ባልዲ ሻይ መስሎ ይወርዳል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዝገቱ አይደለም። ግፊት በጠፋ ሰዓት በቀዳዳው በኩል የውጭው ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊሳብ ይችላል። የእኛ መስመር የሚያልፈው ደግሞ በሽንት ቤቱ ጉድጓድ አጠገብ ነው። ይሄን ውሃ የሚጠጡት ልጆች ናቸው!

ሂሳቡስ? ከቆጣሪ አልፎ የሚፈሰው ሁሉ በእኛ ላይ ይቆጠራል። አንድ ሜትር ኩብ ማለት ባለ 20 ሊትር 50 ጄሪካን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ታሪፉም ይጨምራል። ቤታችሁ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን እዩት። ትንሿ መዘውር ከዞረች የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው። የእኛዋ ቆማ አታውቅም።

ግቢው የጋራ ነው። ለመቀየር እናዋጣ ስል ጎረቤቶቼ "እኛ ጋ እኮ ውሃው ይመጣል" ይሉኛል። ለጥገና ሲሆን ግን ሁሉም ኪሱን ይዳብሳል። እስካሁን ለጠጋኝ የከፈልነው አዲስ መስመር በዘረጋልን ነበር።

አሁን እኮ ኤችዲፒኢ የሚባለው ጥቁሩ የፕላስቲክ ቱቦ በጥቅል ይሸጣል። አይዝግም። ከቆጣሪው እስከ ቤቱ መሃል ላይ ሳይቀጠል በአንድ ወጥ ይዘረጋል። ጠለቅ ያለ ቦይ፣ ከሥሩ አሸዋ፣ ከፍሳሽ የራቀ መንገድ፣ አፈር ሳይመለስ በፊት ውሃ ለቅቆ መፈተሽ። ሥራው ይሄው ነው። ሱቅ ስትሄድ ደግሞ የግፊት ልኩ ያልተጻፈበት ስስ ቱቦ "ያው ነው" ብለው ሊሰጡህ ይሞክራሉ። ያው አይደለም! ፒኤን 10 ወይም ፒኤን 16 የሚል የግፊት ልክ ላዩ ላይ ካልተጻፈ አትግዙ።

"ግማሹን አዲስ፣ ግማሹን በነበረበት" የሚለኝ ባለሙያ አልፈልግም። መስመሩን ሙሉ በሙሉ የሚቀይር፣ ሳይቀበርም የሚያስፈትሽ ሰው የምታውቁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ጎረቤት ባያዋጣም ቁፋሮውን እኔ አስጀምራለሁ።